ባላንጣዎን እየቀለቡት ነው

ውድ የትግል አባቴ፣ ቫስታድ ሂንዱራኦ፣

ይኼን ደብዳቤ የምጽፈው እኔው ነኝ፣ በገዛ እጄ። ማንንም አላስጻፍኩም። «ሳርጃ እስክሪብቶ ከሚይዝ ጎሽ ብትይዝለት ይሻላል» ይሉ እንደነበር አልረሳሁም። ጎሽም እይዛለሁ፣ እስክሪብቶም እይዛለሁ። ትምህርት አራተኛ ክፍል ላይ የተውኩት ስላልገባኝ አይደለም፣ ወንበሩ ስለጠበበኝ ነው። ያኔም ትከሻዬ ትከሻ ነበር።

ሐሙስ አፈሩን እንገለብጣለን። የታሊሙ፣ የትግል ቤቱ፣ ጌታ ሲሞት ልጆቹ የትግሉን ቀይ አፈር ከሥሩ ቆፍረው ገልብጠው፣ በእርድ፣ በአሬራ፣ በሎሚና በዘይት አሽተው ሳይመልሱት ማንም አይታገልበትም። እርስዎም ለአስተማሪዎ እንዲህ አድርገዋል። ይኼን ወረቀት ከሥር አድርጌ እቀብረዋለሁ። አመድዎን ፓንቻጋንጋ ወንዝ ስለወሰደው ከዚህ አፈር ሌላ አድራሻ የለዎትም።

ወሬ አለኝ። ጥሩ ይሁን መጥፎ አላውቅም። ባላንጣዎ አልሞተም።

እርስዎን የገደለዎት ያ ካንሰር፣ እርስዎን ጨርሶ አብሮዎት መቃጠል የነበረበት፣ ፑኔ ላቦራቶሪ ውስጥ አለ። ያቺ መነጽሯ ከፊቷ የሚበልጠው ሙግዳ ትቀልበዋለች። ምግቡን ሰዓቱን ጠብቃ ነው የምትሰጠው። ይኼን ስሰማ ግድግዳውን በቡጢ መታሁት፤ ግድግዳው ተሰነጠቀ። እሺ፣ ድሮም ስንጥቅ ነበረበት።

ከመጀመሪያው ልጀምር፣ እርስዎ ሲጨነቁ ነገር አይሰሙም ነበር።

ዶክተር ጎድቦሌ፣ ያ ብተነፍስበት የሚወድቀው ቀጭን ሰውዬ፣ ያን ቀን ሦስታችንንም አስቀምጦ ነገረን። እርስዎን፣ እትዬ አካታይን፣ እኔን። አንጀትዎ ላይ የጀመረው ጉበትዎ ላይ ወጥቷል፣ የመጀመሪያው መድኃኒት ፀጉርዎን እንጂ እሱን አልነካውም አለ።

«አሁን በጭፍን ሌላ መድኃኒት ልሰጥዎት እችላለሁ» አለ። «ግን አንድ መንገድ አለ። ከጉበትዎ ላይ በመርፌ ትንሽ ቆንጥረን እናወጣና ላቦራቶሪ ውስጥ እናሳድገዋለን። የእርስዎን ካንሰር ቁርጥ የሚመስል ትንንሽ አምሳያ ይወጣዋል። መድኃኒቶቹን እርስዎ ላይ ሳይሆን መጀመሪያ እሱ ላይ እንሞክራለን። እሱን የሚጥለውን ስናገኝ ለእርስዎ እንሰጣለን።»

እትዬ አካታይ ሻሿን ነክሳ ተነሳች። «ያሳድጉታል? ባሌን የሚበላውን ነገር ተቀምጠው ያሳድጉታል? እነዚህ ሰዎች ጤነኛ ናቸው?»

እርስዎ ግን ሳቁ። ከታመሙ ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ አላየሁም።

«ተቀመጪ አንቺ» አሏት። «ጉርናምን እኮ ነው የሚያመጡልኝ።»

ዶክተሩ ጉርናም ማን እንደሆነ ምን ያውቃል። እኔ ነኝ የነገርኩት፣ ቆሜ፣ በእጄ እያሳየሁ። የአምሪትሳሩን ግዙፍ፣ ግራኙን፣ በበር ጎንበስ ብሎ የሚገባውን። እርስዎ በወጣትነትዎ አንገቱ ላይ እንደ መዥገር ተለጥፈው፣ ሳይመቱ ሳይወረውሩ፣ ትንፋሹ እስኪያልቅ ይዘው ጀርባውን አፈር ያስነኩትን። ከዚያ ደግሞ ሰው ያልጠበቀውን ያደረጉትን፤ የተሸነፈውን ሰው እቤትዎ አምጥተው፣ እትዬ አካታይ ለዓመታት የማሽላ ቂጣ እየጋገረችለት፣ ቀዩን መረቅ እያጠጣችው የታሊሙ ልጆች ሁሉ በሱ ላይ እንዲለማመዱ ማድረግዎን። ረጅምና ግራኝ የሚገጥመው ልጅ መጀመሪያ ጉርናምን ይገጥማል። «ባላንጣህን ሜዳ ላይ አትተዋወቀው፣ መልኩን ከሚመስለው ጋር ጓዳ ውስጥ ታገል» የሚሉን ለዚህ ነበር።

ዶክተሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «ከኔ የተሻለ አስረዳህ» አለ። አስረዳሁ እንጂ። ዶክተር ባለመሆኔ የተጎዳው ሕዝቡ ነው።

ጎድቦሌ ግን አንድ ነገር ጨምሮ ነበር፤ እኛ በሳቅ አለፍነው። «ሳህን ላይ ወደቀ ማለት ሰው ውስጥ ይወድቃል ማለት አይደለም። ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። እስከዚያ ሰውነትዎን ይጠብቁልኝ።»

እርስዎ አንገትዎን ነቀነቁ። ሰውነት መጠበቅ ለርስዎ ምን ማለት እንደሆነ ቀጭኑ ሰውዬ ከየት ይወቀው። እኔም አላወቅኩም።

ከሳምንታት በኋላ ያቺን የላቦራቶሪ ልጅ ሙግዳን ለምነው ለምነው ሊያዩት ገቡ። የጎን ክፍል ውስጥ አስቀመጠችን። አፋችንን ሸፍነን፣ እግራችን ላይ የፕላስቲክ ከረጢት አጥልቀን፤ እኔ ላይ ከረጢቱ ተቀደደ፣ ሁለተኛም ተቀደደ፣ ልጅቷ «ወንድሜ፣ አንተ በቃ ባለህበት ቁም» አለችኝ። እርስዎ ማጉያው ላይ ጎንበስ አሉ። ሮዝ ውሃ ውስጥ ክብ ክብ ነገሮች፣ እንደ ሳሙና አረፋ የተጠጋጉ።

«ይኼ ነው?»

«አዎ አባባ። የርስዎ ነው።»

«ወፍሯል።»

«ቆንጆ አድርጎ አድጎልናል» አለች፣ በራሷ ሥራ ኮርታ። ከዚያ ምን እንዳለች ገባትና ፊቷ ቀላ።

እርስዎ ግን አልተቀየሙም። ከወገብዎ ቋጠሮ ቆንጠር አድርገው ቀይ አፈር አወጡ፤ ሁለት ታጋይ ሊያያዝ ሲል አፈር እንደሚረጫጨው ሊረጩለት።

«አባባ! አባባ! አፈር እዚህ አይገባም!» ብላ እጅዎን በሁለት እጇ ጨበጠችው። ስንት ግዙፍ የሸሸውን እጅ፣ ያቺ ጣቷ ክብሪት የሚያክል ልጅ። ሳቄን መያዝ አቃተኝ። «ቫስታድ፣ በመጀመሪያው አያያዝ ወደቁ!» አልኩዎት። እርስዎም ሳቁ፣ አፈሩን መልሰው ቋጠሩ።

ከዚያ ጠየቁ። ድምፅዎ አሁን ድረስ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

«ለመሆኑ ምን ይበላል?»

«ውሃው ውስጥ ነው ምግቡ። ስኳር አለው፣ ፕሮቲን አለው፣ ሌላም ሌላም። በየሁለት በየሦስት ቀን እንቀይርለታለን።»

«ባትቀይሩለትስ?»

«ይሞታል አባባ። ይራባል፣ ይሞታል።»

 ማጉያው ላይ ተመልሰው ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩት። እኔ የሚያደንቁት መስሎኝ ነበር። ለካ አያያዙን እየፈለጉ ነው።

ቫስታድ፣ አሁን የወተቱን ነገር ላንሳ። እዚህ ላይ ፊደሉ ቢጣመም አይፍረዱ።

ወደ ከተማችን ኮልሃፑር ተመልሰን፣ በየጠዋቱ ወደምንሄድበት የጎሾቹ መደብ ሄድን። ባለጎሾቹ ከብቶቻቸውን አሰልፈው፣ ሰው ብርጭቆ ይዞ ተሰልፎ፣ ከጡቱ ቀጥታ ወደ ብርጭቆው፣ አረፋው ከአፉ አልፎ። እርስዎ እንደልማድዎ መጀመሪያ ተቀበሉ፣ ጢምዎን አረፋው ውስጥ ነከሩ፣ ቀና አሉ፣ «አህህ» አሉ። ከዚያ ብርጭቆውን ወደኔ ገፉት።

«ጨርሰው። እኔ ሆዴ ሞላ።»

«ቫስታድ፣ ምኑን ጠጡት?»

«አንተ በሬ፣ የሳንግሊውን ልጅ ልትገጥም አይደለም? ወይስ በወሬ ልትጥለው ነው? ጠጣ!»

ጠጣሁ። የራሴንም ጠጣሁ፣ የርስዎንም ጠጣሁ። እርስዎ ጢምዎ ላይ ያን ነጭ አረፋ ይዘው እቤት ገቡ፣ እትዬ አካታይ ጢምዎን አይታ «ተመስገን፣ ዛሬም ጠጣልኝ» አለች። እትዬን ታሊም በላሁ አሏት፣ እኛን ቤት በላሁ አሉን። ሲከሱ በሽታው ነው አልን። በዚያ ሙቀት ሁለት ሸሚዝ ደርበው በላዩ ጋቢ ሲያደርጉ በረዳቸው አልን። ብብትዎን ይዤ ከአፈሩ ላይ ሳነሳዎት ቀለሉኝ፤ እኔ ግን ምን አልኩ? እኔ ጠነከርኩ አልኩ።

የሳንግሊውን ልጅ ጣልኩት። ገና ሕዝቡ ሳይቀመጥ ጀርባውን አፈር አስነካሁት። የአሸናፊውን ጥምጣም ጠመጠሙልኝ፣ በትከሻ ተሸከሙኝ። እርስዎ በጋቢዎ ውስጥ ሆነው አዩኝና «ወተቱ ሠራ» አሉ።

ከዚያ ፑኔ ጠራችን።

ሙግዳ ነች የደወለችው። «ተገኘ!» አለች፣ በስልኩ ውስጥ ስትዘል ይሰማኛል። ከሞከሯቸው መድኃኒቶች ብዙዎቹን ባላንጣዎ እንደ ዝንብ እንኳ አልቆጠራቸውም። አንዱ ግን፣ ለሌላ ዓይነት ካንሰር የተሠራ ኪኒን፣ አፈራርሶታል። ክቦቹ ተሰነጣጥቀው ውሃው ውስጥ እንደ አመድ ተበትነዋል። ለሰፈሩ ሁሉ የወተት ጣፋጭ አደልኩ። «ቫስታዴ ፑኔ ላይ አሸነፈ!» እያልኩ። ጸጉር አስተካካዩ ድረስ ሰምቷል።

ዶክተሩ ክፍል ስንገባ ኪኒኑ በካርቶኑ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ጎድቦሌ እየሳቀ «ጋቢዎን አውልቀው ሚዛን ላይ ይውጡልኝ፣ መጠኑን በክብደትዎ ነው የማሰላው» አለ።

እርስዎ አላወልቅም አሉ።

እኔ ነኝ ያወለቅኩልዎት። ሸሚዙንም። ሁለተኛውንም።

 ያ ደረት፣ እኔ ልጅ ሆኜ ጭንቅላቴን የምገጭበት፣ የከበሮ ክፈፍ ሆኗል። እትዬ አካታይ አፏን ያዘች። ዶክተሩ ሚዛኑን አየ፣ የደምዎን ወረቀት አገላበጠ፣ ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ የት እንደገባ አላውቅም።

«ይኼን ሰው ማነው ያስራበው?» አለ።

እርስዎም መለሱ፤ ሲመልሱ ደግሞ ኮርተው ነበር፣ ሚዛን ላይ ቆመው፣ አገጭዎ ቀና ብሎ። «እኔ ነኝ ያስራብኩት። እኔን አይደለም፣ እሱን። ልጅቷ በአፏ ነገረችኝ፣ ካልበላ ይሞታል ብላ። ጉርናምን የጣልኩት በምን መሰለህ ዶክተር? እናንተ ከውጭ ስትይዙልኝ እኔ ከውስጥ ትንፋሹን ይዤዋለሁ።»

ጎድቦሌ ወንበሩን ስቦ ፊት ለፊትዎ ተቀመጠ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው፣ እኔ ግን ሰማሁ።

«አባባ፣ ሳህን ላይ እኛ ነን የምንመግበው፣ ካልመገብነው ይሞታል። እርስዎ ውስጥ ግን ማንንም አይጠብቅም። እርስዎ ሳይበሉ ሲቀሩ ከጡንቻዎ ያወጣል፣ ከደምዎ ያወጣል። ማዕዱ ላይ መጀመሪያ የሚቀመጠው እሱ ነው። የተራቡት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«ኪኒኑስ?»

«በዚህ አቅምዎ ብሰጥዎት ኪኒኑ ራሱ ይገድልዎታል። መጀመሪያ እንመልስዎት።»

ሙግዳ በሩ ላይ ቆማ ነበር። መነጽሯን አውልቃ እጇ ላይ ይዛ፣ እንደ ሕፃን ነው የምታለቅሰው። «እኔ የነገርኩዎት ስለ ሳህኑ ነበር» ትላለች፣ «ስለ ሳህኑ ነበር እኮ አባባ።» እርስዎ ከሚዛኑ ወርደው ራሷን ዳበሱ። «አንቺ ምን አደረግሽ» አሏት። «አያያዙን የመረጥኩት እኔ።»

ከዚያ ወዲያ ያለውን እርስዎም ያውቁታል። በአፍንጫዎ ቱቦ አስገቡ፣ በክንድዎ ምግብ አንጠባጠቡ። እኔ የለውዝ ወተት በማንኪያ ይዤ «ቫስታድ ይዋጡ፣ አንድ ይዋጡ፣ ለሳርጃ ሲሉ» እል ነበር። እርስዎም ይውጡ ነበር። አሁን ሲፈልጉ ሆድዎ እምቢ አለ፣ ያስመልስዎት ነበር። ኪኒኑ መሳቢያው ላይ፣ ካርቶኑ ሳይከፈት፣ ከአልጋዎ አንድ ክንድ ርቀት ላይ። በየቀኑ ያዩታል። በመጨረሻው ቀን «ሳርጃ፣ ቀደመኝ» አሉኝ። ማን ብዬ አልጠየቅኩም።

ቫስታድ፣ ማንም የማይልዎትን እኔ ልበልዎት። ትልቅ ሰው ነበሩ፣ ግን እዚያ ላይ ጅል ነበሩ። ኮልሃፑር ሁሉ «በክብር ሞተ» ይላል፤ እኔ ግን ተናድጃለሁ። ሜዳ ላይ የምንወጣው እኛ ነን፣ የሚበላው ሜዳ ላይ የሚወጣው ነው። ይኼን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት! አንድ ቃል ቢነግሩኝ ኖሮ ጭንቅላትዎን በብብቴ ይዤ፣ አፍንጫዎን አፍኜ እግትዎት ነበር። አቅሙም ነበረኝ። አቅሙን የሰጡኝ እርስዎ፣ በየጠዋቱ፣ በብርጭቆ። ያ የሳንግሊውን ልጅ ጥዬ ያገኘሁት ጥምጣም ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ቀና ብዬ ማየት አቅቶኛል። ኪኒኑ ያድንዎት እንደነበርም አናውቅም። ሳናያይዛቸው ቀረን።

አሁን ወደ ወሬው። ባለፈው ሳምንት ሙግዳ ደወለች። ኪኒኑን ሳይቀምስ የተረፈ የባላንጣዎ አምሳያ አለ፣ አሁንም ይበላል፣ ያድጋል። ቤተሰብ ከፈቀደ ይቀመጣል፣ ካልፈቀደ ይጠፋል፤ እትዬ አካታይን ጠይቅልኝ አለች።

ጠየቅኳት። ቂጣ እየጠፈጠፈች ነበር።

«ባሌ ተርቦ ሞቶ» አለች፣ ቀና ሳትል፣ «የገደለውን ልቀልበው? ያቃጥሉት። ሂድና ሲቃጠል ዓይተህ ና።»

እኔም የፈለግኩት ያንኑ ነበር። በጠዋቱ ባቡር ሄድኩ። ሙግዳ አልተከራከረችኝም። «እትዬ እንዲያ ካሉ እዚሁ እፊትህ አጠፋዋለሁ» አለች። «መጀመሪያ ማየት ትፈልጋለህ?»

ጎንበስ አልኩ። በዚህ ጊዜ ከረጢቱ አልተቀደደም፣ ትልቅ አስመጥታልኝ ነበር። አየሁት። ያው ክብ ክብ፣ እርስ በርስ ተለጣጥፎ፣ አንዱ ያንዱን አንገት ይዞ፣ ንቅንቅ የማይል። ግትር። የሆነ ሰው ትዝ አለኝ።

ልጅ አልወለዱም። እናት አባትዎ የሉም። አመድዎ ወንዝ ውስጥ ነው። ቫስታድ፣ ከሥጋዎ በዚህ ዓለም ላይ በሕይወት የቀረው ያ ሳህን ውስጥ ያለው ብቻ ነው። ባላንጣዎ ነው፣ የርስዎም ነው። ለዚህ ነገር አራተኛ ክፍል አይበቃም፤ ሙግዳም እስከ ላይ ተምራ መልሱን አታውቀውም፣ ጠይቄያታለሁ።

«ቢቀመጥ ምን ታደርጉበታላችሁ?» አልኳት።

«ሌሎች ሐኪሞች አዲስ መድኃኒት ሲያመጡ እሱ ላይ ይሞክሩታል። የመጀመሪያውን መድኃኒት እምቢ ያለ እንዲህ ያለ ግትር ካንሰር እንደ ልብ አይገኝም። እሱን የሚጥል፣ የሌላ ሰው ባላንጣንም ሊጥል ይችላል። ይችላል ነው ያልኩት።»

«አቆዪው» አልኳት። «እትዬን ልጠይቅና እስክመለስ እንዳትነኪው።»

ማታ እቤት ስገባ እትዬ አካታይ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች።

«ተቃጠለ?»

«አልተቃጠለም።»

«ምን ልትሠራ ሄድክ ታዲያ? ባቡር ልትቆጥር?»

እግሯ ሥር ተቀመጥኩ። «እትዬ፣ ቫስታድ ጉርናምን እቤት ያመጡት ቀን ምን አልሽ?»

«ዛሬ ደግሞ ጉርናምን ምን አነሳው?»

«ንገሪኝ።»

 «ጥርሱን ሊያወልቅብህ የነበረን ሰው በኔ ዱቄት አልቀልብም አልኩት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቀለብኩት። ስንት ዓመት። ያ ሆዳም።» አፍንጫዋን በሻሿ ጠረገች። «እሱ ግን ሰው ነበር፣ ሳርጃ። 'እናቴ ጨው ጨምሪልኝ' ይለኝ ነበር።»

«ይኼኛው አይናገርም» አልኳት። «ግን ስንትና ስንት ልጅ ሊለማመድበት ይችላል።»

 ተነስታ ገባች። ምድጃው ጋ ጎንበስ ብላ እሳቱን ስትቆሰቁስ ይሰማኛል። ተስፋ ቆርጬ ልሄድ ስል ከውስጥ ጠራችኝ።

«ሳርጃ። ለመሆኑ ምን ይበላል?»

ቃል በቃል እርስዎ የጠየቁት።  ስኳር፣ ፕሮቲን፣ ሌላም ሌላም አልኳት። በየሁለት በየሦስት ቀን።

«ለልጅቷ ደውልላት» አለች። «እንዳታስርበው በላት። እዚህ ቤት የሚራብ በቅቶናል።»

ደወልኩላት። ባላንጣዎን እየቀለቡት ነው ቫስታድ። ጠልቼዋለሁ፣ ይብላ።

ሐሙስ አፈሩ ከተገለበጠ በኋላ መጀመሪያ የምገባበት እኔ ነኝ፤ ሌላ ማን ሊሆን ነው። እንደርስዎ ጢም ማሳደግ ጀምሬያለሁ፣ እስካሁን ሳሳ ያለ ነው። የጎሾቹ መደብ መሄድ ትቼ ነበር፤ ወተት አልወርድ ብሎኝ። እትዬ አካታይ ሰማች። አሁን በየጠዋቱ ሻሿን አስራ አብራኝ ትሄዳለች፣ ሰልፉ ውስጥ ከታጋዮቹ መሀል ትቆማለች፣ ባለጎሾቹ ያፍሩላታል። ስጠጣ አፌን አታይም። አረፋ ጢሜ ላይ ቢኖርም ባይኖርም ግድ የላትም። ብርጭቆውን ከእጄ ትቀበልና ትገለብጠዋለች፤ ጠብ የሚል ነገር እንደሌለ ካየች በኋላ ነው ወደ ቤት የምንመለሰው።

የርስዎ በሬ፣
ሳርጃ